ሰኔ 9 እና የርእሰ መምህሩ ማስታወቂያ

በየትምህርት ቤቱ ጧት ባንዲራ ከተሰቀለና መዝሙር ከተዘመረ በኋላ ርእሰ መምህሩ ወይም ምክትላቸው ከሰልፉ ፊት ቆመው ማስታወቂያ መናገራቸው የተለመደ ነው። ሰኔ ሲገባ ሊነገሩ ከሚችሉት ማስታወቂያዎች መካከል ሦስቱን እንውሰድ። አንደኛው፣ ሰኔ 9 ቀን የአፍሪካ ሕፃናት ቀን የሚታሰብ መሆኑን ይገልጻል። ሁለተኛው፣ ተንቀሳቃሽ ስልክ ይዞ ወደ ግቢ መግባት የተከለከለ መሆኑን ያሳስባል። ሦስተኛው፣ የደንብ ልብስ ሳይለብስ የመጣ ተማሪ ከበር የሚመለስ መሆኑን ያስጠነቅቃል። ሦስቱም በአንድ ትንፋሽ ተነግረው ያልቃሉ፤ ተማሪውም መምህሩም ወደ ክፍሉ ይገባል።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የመጀመሪያውን ማስታወቂያ ሥር ነው። ሰኔ 9 የመታሰቢያ ቀን ለመሆን የበቃው አንድ የትምህርት መሥሪያ ቤት ለርእሳነ መምህራን ባስተላለፈው ትእዛዝ ምክንያት ነው። ትእዛዙም ስለ ትምህርት አሰጣጥ የወጣ፣ በወጉ ተጽፎ በወጉ የተላለፈ ነበር። ይህን ታሪክ በሚገባ የተረዳ መምህር፣ ስለ ስልክና ስለ ደንብ ልብስ የሚነገሩትን ሁለቱን ማስታወቂያዎች ከዚያ በኋላ በሌላ ዓይን ይመለከታቸዋል ብለን እናምናለን።

ለአንባብያን ግልጽ እንዲሆን፣ የውጭ አገር ታሪክ የተፈጸመበትን ዘመን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.)፣ የአገራችንን ደግሞ በዓመተ ምሕረት እንሰጣለን።

ትእዛዙ እንዴት ወጣ?

እንደሚታወቀው፣ በ1948 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ ሥልጣን የያዘው ብሔራዊ ፓርቲ፣ አፓርታይድ የሚባለውን የዘር መድልዎ ሥርዓት በሕግ አጽንቶ በሥራ ላይ አዋለ። ሥርዓቱ ሰው የሚኖርበትን ሰፈር፣ የሚሠራውን ሥራና የሚሳፈርበትን አውቶቡስ ሳይቀር በቆዳ ቀለም የሚወስን ነበር። ትምህርትም ከዚህ አላመለጠም። በ1953 እ.ኤ.አ. የባንቱ ትምህርት ሕግ የተባለው ወጣ። ሕጉ፣ ቀደም ሲል በአብዛኛው በሚሲዮኖች እጅ የነበረውን የጥቁሮች ትምህርት ወደ መንግሥት ቁጥጥር አዛወረው። የዚህ ፖሊሲ ዋና አራማጅ፣ በኋላም ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ሄንድሪክ ፈርቩርት፣ ጥቁር ሰው በነጮች ማኅበረሰብ ውስጥ ከተወሰነ የጉልበት ሥራ በላይ ቦታ ስለሌለው ከዚያ የሚበልጥ ትምህርት አያስፈልገውም የሚለውን አቋሙን በይፋ ይናገር ነበር።

የቃሉን ትርጉም በገንዘብ ማየት ይቻላል። በ1975 እና 1976 እ.ኤ.አ. የትምህርት ዘመን መንግሥት ለአንድ ነጭ ተማሪ በዓመት 644 ራንድ ያወጣ ነበር። ለአንድ ጥቁር ተማሪ የሚያወጣው ግን 42 ራንድ ብቻ ነበር። ይኸውም አሥራ አምስት እጥፍ ልዩነት ማለት ነው። የሒሳብ መምህር ይህን ማካፈል በሰሌዳ ላይ ቢያሠራ፣ ተማሪዎቹ ስለ አፓርታይድ ከአንድ ሰዓት ንግግር ይልቅ ከዚህ ይማራሉ።

በዚህ ላይ የቋንቋው ጉዳይ ተጨመረ። በ1974 እ.ኤ.አ. የባንቱ ትምህርት መሥሪያ ቤት የአካባቢ ኃላፊዎች ለተቆጣጣሪዎችና ለርእሳነ መምህራን ሰርኩላር አስተላለፉ። በትእዛዙ መሠረት ሒሳብና የኅብረተሰብ ትምህርት አፍሪካንስ በሚባለው ቋንቋ፣ ሳይንስና የተግባር ትምህርቶች ደግሞ በእንግሊዝኛ እንዲሰጡ ተወሰነ። አፍሪካንስ ከደች የመነጨ፣ የገዥው ፓርቲ መሪዎች የሚናገሩት ቋንቋ ነው። ለብዙዎቹ ጥቁር ተማሪዎች ግን በፖሊስ ጣቢያና በይለፍ ወረቀት ቢሮ የሚሰሙት ቋንቋ ነበር። ከዚህም ሌላ ብዙዎቹ መምህራን ራሳቸው አፍሪካንስን በሚገባ አያውቁትም ነበር። መምህሩ በማያውቀው ቋንቋ ሒሳብ እንዲያስተምር፣ ተማሪውም በማያውቀው ቋንቋ ሒሳብ እንዲማር ታዘዘ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ትእዛዙን በመቃወም ድምፃቸውን መጀመሪያ ያሰሙት ተማሪዎቹ አልነበሩም። የመምህራን ማኅበርና የትምህርት ቤት ቦርዶች በወጉ አቤቱታ አቅርበዋል። አቤቱታው ተቀባይነት አላገኘም፤ እንዲያውም ከቦርድ አባላት መካከል ከቦታቸው የተሰናበቱ ነበሩ። በ1976 እ.ኤ.አ. የባንቱ ትምህርት ምክትል ሚኒስትር የነበረው አንድሪስ ትሮይርኒክት የሰጠው መልስ፣ ሕንፃውን የሚያቆመውና የመምህሩን ደመወዝ የሚከፍለው መንግሥት እስከ ሆነ ድረስ የማስተማሪያውን ቋንቋ የመወሰን መብትም የመንግሥት ነው የሚል ነበር። በመልሱ ውስጥ ስለ ልጆቹ መማር አለመማር የተነገረ ነገር የለም። የትእዛዙ ምክንያት የአዛዡ ሥልጣን ብቻ ሆኖ ቀረ።

ሰኔ 9 ቀን 1968 ዓ.ም.

ሶዌቶ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ «ደቡብ ምዕራብ መንደሮች» ከሚሉት ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት ተውጣጥቶ የተሠራ ነው። በጆሃንስበርግ አጠገብ ጥቁሮች ብቻ እንዲኖሩበት የተከለለ ሰፊ የመኖሪያ አካባቢ ነው። ከሰኔው ሰልፍ ሳምንታት ቀደም ብሎ በኦርላንዶ ዌስት የሚገኝ የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በአፍሪካንስ አንማርም ብለው ክፍል መግባት አቆሙ። ሌሎችም ተከተሉዋቸው። በጁን 13 የየትምህርት ቤቱ ተወካዮች በኦርላንዶ ስብሰባ አድርገው አንድ የተግባር ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ከሦስት ቀን በኋላም ሰላማዊ ሰልፍ እንዲደረግ ወሰኑ። ከመሪዎቹ መካከል ስሙ የገነነው ጺየትሲ ማሺኒኒ የሞሪስ አይዛክሰን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪ ሲሆን ዕድሜው 19 ዓመት ነበር።

በጁን 16፣ 1976 እ.ኤ.አ. ረቡዕ ጧት፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 9 ቀን 1968 ዓ.ም.፣ በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ከየትምህርት ቤታቸው ተነሥተው ወደ ኦርላንዶ ስታዲየም አመሩ። ብዙዎቹ የትምህርት ቤታቸውን የደንብ ልብስ እንደ ለበሱ ነበሩ። በእጃቸው የያዙት አፍሪካንስ ይውደም የሚሉ ከካርቶን የተሠሩ መፈክሮችን ነው። በኦርላንዶ ዌስት ፖሊስ መንገዱን ዘግቶ ቆመ። መጀመሪያ አስለቃሽ ጢስ ተለቀቀ፤ ቀጥሎም ጥይት ተተኮሰ።

በዚያ ጧት ከተገደሉት የመጀመሪያዎቹ መካከል ሃስቲንግስ ንድሎቩ የሚባል የ15 ዓመት ተማሪና የ12 ዓመቱ ሄክተር ፒተርሰን ይገኛሉ። ሄክተር በተመታ ጊዜ ምቡዪሳ ማኩቦ የተባለ የ18 ዓመት ወጣት ብድግ አድርጎ ታቅፎት ሮጠ። የሄክተር እኅት አንቷኔት የደንብ ልብሷን እንደ ለበሰች፣ እጇን ዘርግታ እያለቀሰች አጠገባቸው ትሮጥ ነበር። «ዘ ወርልድ» የተባለው ጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺ ሳም ንዚማ ይህን አነሣ። ፖሊሶች የጋዜጠኞችን ፊልም እየቀሙ ያበላሹ ስለ ነበር ፊልሙን ከካሜራው አውጥቶ በካልሲው ውስጥ ደበቀው፤ በመኪና ወደ ጋዜጣው ቢሮ ላከው። በማግሥቱ ዓለም ሁሉ ሥዕሉን አየው።

ከዚህ በኋላ የደረሰው ሁሉ በአንድ ቀን የተወሰነ አልነበረም። ዓመፁ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። መንግሥት ራሱ ያቋቋመው የሲሊየ አጣሪ ኮሚሽን እስከ 1977 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ 575 ሰዎች መሞታቸውን መዝግቧል። ሥዕሉን ያነሡትና በሥዕሉ ላይ የሚታዩትም ሰላም አላገኙም። ንዚማ በፖሊስ ክትትል ምክንያት ሥራውን ትቶ ወደ ገጠር ሸሸ። ማኩቦ ከአገር ተሰደደ፤ ለእናቱ የመጨረሻ ደብዳቤው የደረሳት በ1978 እ.ኤ.አ. ከናይጄሪያ ነው። ከዚያ ወዲህ የገባበት አልታወቀም። ማሺኒኒ በ1990 እ.ኤ.አ. በጊኒ በስደት ሳለ አረፈ።

የቋንቋው ትእዛዝስ ምን ሆነ? በጁላይ 1976 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ፣ ከሰልፉ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ መንግሥት የማስተማሪያውን ቋንቋ ርእሳነ መምህራን ራሳቸው እንዲመርጡ ፈቀደ። መምህራንና ወላጆች ከአንድ ዓመት በላይ በትሕትና የለመኑት ነገር ይኸው ነበር። በጥር ቢፈቀድ ኖሮ አንድ ወረቀት ይበቃው ነበር።

ሞሮጎሮ፣ አዲስ አበባ

ከዓመፁ በኋላ ብዙ ወጣቶች ድንበር እያቋረጡ ተሰደዱ። ብዙዎቹ ትምህርታቸውን ያቋረጡ ስለ ነበሩ ስደተኛውን ተማሪ የት እናስተምረው የሚል ጥያቄ ተነሣ። መልሱ ከምሥራቅ አፍሪካ መጣ። የታንዛኒያ መንግሥት በሞሮጎሮ አጠገብ፣ ማዚምቡ በተባለ ቦታ፣ ቀድሞ የቃጫ እርሻ የነበረ መሬት ለአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ ሰጠ። እዚያም በ1978 እ.ኤ.አ. ትምህርት ተጀመረ። ትምህርት ቤቱ ሰለሞን ማህላንጉ የነፃነት ኮሌጅ ተባለ። ማህላንጉ ከዓመፁ በኋላ ከተሰደዱት ተማሪዎች አንዱ ሲሆን፣ ወደ አገሩ ተመልሶ ከተያዘ በኋላ በኤፕሪል 6፣ 1979 እ.ኤ.አ. በስቅላት የተገደለ ወጣት ነው። ማዚምቡ ከሕፃናት መዋያ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለው፣ የራሱ እርሻና ሕክምና ክፍል የነበረው መንደር ሆነ። በ1992 እ.ኤ.አ. ለታንዛኒያ ተመለሰ፤ ዛሬ በሶኮይኔ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኝ የትምህርት ግቢ ነው። ስለ ሶዌቶ ስናስተምር ጥይቱን ብቻ ተናግረን እንዳናቆም ማዚምቡን ማስታወስ ያስፈልጋል። ትምህርትን በመቃወም የተነሡ የሚመስላቸው ካሉ፣ ልጆቹ ከአገራቸው ወጥተውም የፈለጉት ትምህርት ቤት መሆኑን ይዩ።

ሁለተኛው መልስ የተሰጠው በአዲስ አበባ ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሰኔ 9 የአፍሪካ ሕፃናት ቀን ሆኖ እንዲታሰብ ወሰነ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም በ1983 ዓ.ም. ታሰበ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ 1982 ዓ.ም.፣ የድርጅቱ የመሪዎች ጉባኤ በአዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ ሕፃናት መብትና ደኅንነት ቻርተርን ተቀብሎ ነበር። ቻርተሩ በ1992 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ፤ አገራችንም አጽድቃዋለች። ከአንቀጾቹ ሁለቱ በቀጥታ የእኛን ሙያ ይመለከታሉ። አንቀጽ 4 ሐሳቡን ለመግለጽ የሚችል ልጅ እርሱን በሚመለከት ጉዳይ አስተያየቱ እንዲሰማ ያዛል። አንቀጽ 11 ደግሞ በትምህርት ቤት ሥነ ሥርዓት የሚቀጣ ልጅ ሰብአዊነት በተሞላበትና ክብሩን በጠበቀ አኳኋን እንዲያዝ ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰርኩላር ታሪክ የተገኘ ትምህርት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የእኛም አገር ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ፋሺስቶች ዘመናዊ ትምህርት የቀሰሙትን ወጣቶች እየለዩ ፈጅተዋል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ ሶዌቶ በተቃጠለችበት ዘመን ማለት ነው፣ በቀይ ሽብር ከተገደሉት መካከል ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የነበሩ ልጆች ይገኛሉ። በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተው ሙዚየም ለእነርሱ መታሰቢያ ነው። ስለዚህ ሰኔ 9ን የምናስበው የሩቅ አገር ሰው ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው አይደለም። እኛም የሞተብን አለን።

ስለ ደንብ ልብስ

አሁን ወደ ሁለቱ ማስታወቂያዎች እንመለስ። አስቀድመን ግን አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። የደንብ ልብስ ይለበስ ወይም ስልክ አይያዝ የሚልን ርእሰ መምህር ከአፓርታይድ ባለ ሥልጣን ጋር ማመሳሰል ተገቢ አይደለም። አንዱ የወጣው ልጅን ለማሳነስ ነው፤ ሌላው ልጅን ለመጠበቅ ነው። ሆኖም ለመጠበቅ የወጣ ትእዛዝም ምክንያቱ ካልተነገረና የተማሪው ችግር ካልተሰማ፣ ለታዘዘው ልጅ ከሌላው ትእዛዝ የሚለይበት ነገር አይታየውም።

የደንብ ልብስ ታሪኩ ከድሆች ይጀምራል። በለንደን በ1552 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ክራይስትስ ሆስፒታል የተባለ ትምህርት ቤት ለችግረኛ ልጆች አንድ ዓይነት ረጅም ሰማያዊ ካፖርት ያለብስ ነበር። ልብሱን የሚሰጠው ትምህርት ቤቱ ነበር፤ ልጁ እንዲያመጣ አይጠየቅም። በኋላ ነገሩ ተገልብጦ፣ በሚሲዮኖችና በቅኝ አገዛዝ ትምህርት ቤቶች በኩል ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሲገባ የደንብ ልብስ ወላጅ ገዝቶ የሚያቀርበው የመግቢያ ዋጋ እየሆነ ሄደ።

የዚህ ውጤት በኬንያ በግልጽ ታይቷል። በ2003 እ.ኤ.አ. የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ከክፍያ ነፃ ሲሆን የደንብ ልብስ ወጪ ግን በወላጅ ትከሻ ላይ ቀረ። በምዕራብ ኬንያ በብዙ ትምህርት ቤቶች በተካሄደ ጥናት፣ የደንብ ልብስ በነፃ የተሰጣቸው ተማሪዎች ካልተሰጣቸው ይልቅ ትምህርታቸውን የማቋረጣቸው መጠን ቀንሷል፤ በልጃገረዶችም ዘንድ ያለ ዕድሜ እርግዝና ቀንሷል። አንድ ሸሚዝና አንድ ቀሚስ ይህን ያህል ይሠራሉ። በአገራችንም የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች የደንብ ልብስ በነፃ ማደል ጀመረ። ይህም ልብሱን ወደ ጥንተ ዓላማው የመለሰ እርምጃ ነው።

ዓላማውም ይኸው ነው፤ የሀብታም ልጅና የድሃ ልጅ በአንድ ወንበር ሲቀመጡ በልብስ እንዳይለዩ። እንግዲህ ልብሱ ስለ ተቀደደበት ወይም ስላልተገዛለት ከበር የሚመለሰው ተማሪ ማን ነው? ደንቡ ሊጠብቀው የወጣለት ያው የድሃ ልጅ ነው። ከበር ሲመለስ ልብሱ አይሰፋለትም፤ የዕለቱ ትምህርት ግን ያመልጠዋል። ምክንያቱን የሚያውቅ ትምህርት ቤት ልጁን ወደ ክፍል አስገብቶ ወላጁን በወላጅ መምህር ኅብረት በኩል ያነጋግራል፤ ከተመራቂዎች የቀረ ልብስ ሰብስቦ ያስቀምጣል፤ አቅም ያለው ለብሶ እንዲመጣ፣ አቅም የሌለው እንዲረዳ ያደርጋል። ደንቡም አይላላም።

ስለ ተንቀሳቃሽ ስልክ

ተንቀሳቃሽ ስልክ በአገራችን አገልግሎት የጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ ራሱ መምህር ሊሆን ይችላል። ክልከላውም በእኛ አገር ብቻ ያለ አይደለም። ዩኔስኮ በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በዚያ ጊዜ ከዓለም አገሮች ከአራቱ አንድ የሚጠጉት በሕግ ወይም በመመሪያ ስልክን ከትምህርት ቤት የከለከሉ መሆናቸውን ገልጿል። ሪፖርቱ ከጠቀሳቸው ጥናቶች አንዱ፣ አሳቡ በስልክ የተበተነ ተማሪ ወደ ትምህርቱ ሙሉ በሙሉ ለመመለስ እስከ 20 ደቂቃ ሊፈጅበት እንደሚችል ያመለክታል። የአንድ ክፍለ ጊዜ ርዝመት 40 ደቂቃ ገደማ በሆነበት ትምህርት ቤት ይህ ግማሽ ክፍለ ጊዜ ነው። ለተማሪ የሚነገር ጥሩ ምክንያት ማለት እንዲህ ያለው ነው፤ ራሱ ቆጥሮ ሊደርስበት ይችላልና።

ሌላም ምክንያት አለ። በ2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በማኅበራዊ መገናኛ ተሰራጭቶ ፈተናው ለሌላ ጊዜ እንዲተላለፍ ሆኗል። ሳይኮርጁ የተዘጋጁት ተማሪዎች ሁሉ እንደ ገና ለመፈተን ተገደዱ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ፣ ስልክ ሳይገባ በተሰጠ ጊዜ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ቁጥር ብዙ ምክንያት አለው፤ ለስልክ ብቻ የሚሰጥ አይደለም። ነገር ግን ቀድሞ የነበሩት ውጤቶች ምን ያህል የተማሪው የራሱ ሥራ ነበሩ የሚለውን ጥያቄ እንድንጠይቅ አስገድዶናል።

በሌላ በኩል ተማሪው ሊያነሣው የሚችለው ጥያቄ አለ፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ ተማሪዎች በራዲዮ፣ በቴሌቪዥንና ስልክ ያላቸው በቴሌግራም እንዲማሩ ተነግሯቸው ነበር። ትናንት በስልክህ ተማር የተባለ ልጅ ዛሬ ስልክህን አታምጣ ሲባል ምን ተለወጠ ብሎ ቢጠይቅ መልስ ይገባዋል። ከሩቅ የሚመጣ፣ ሲመሽበት ለቤተሰቡ መደወል የሚያስፈልገውም አለ። ቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ የሌለው ትምህርት ቤትም አለ። እነዚህ ጥያቄዎች ክልከላውን አያፈርሱትም፤ ግን ያቃኑታል። ለምሳሌ ያህል ስልክ ጧት ለክፍል አለቃ ተሰጥቶ፣ ተመዝግቦና በቁልፍ ተቀምጦ ማታ የሚመለስበት ደንብ፣ ስልክን ወርሶ ለወራት ከሚያስቀምጥ ደንብ ይልቅ ይከበራል። የሳም ንዚማን ፊልም ያስታወሰ ተማሪም፣ ስልኬ ካሜራ ነው፤ በትምህርት ቤት በደል ቢፈጸምስ ምን ማስረጃ ይኖረኛል ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ይህን የጠየቀ ተማሪ ታሪክ ገብቶታልና መምህሩ ደስ ሊለው ይገባል። መልሱ አቤቱታ የሚቀበልና በእርግጥ የሚያይ ሰው በትምህርት ቤቱ መኖሩን ማሳየት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው ተረት በመምህራን ማረፊያ ክፍል ደጋግሞ ይሰማል። ደንብ ሲወጣ ተማሪን መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው ለማለት ይጠቀሳል። የሶዌቶ ታሪክ ግን ይህን ተረት ያጠያይቃል። ስለ ቋንቋው ትእዛዝ ልጆቹ ያሉት ትክክል ነበር፤ የተሳሳቱት አዋቂዎቹ ነበሩ። ሁልጊዜ እንዲህ ይሆናል ማለት አይደለም። ሆኖም ካልጠየቅን የቱ ጊዜ እንደ ሆነ አናውቅም።

በመሆኑም የሚከተሉትን ለሥራ ባልደረቦቻችን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የትምህርት ቤቱ ደንብ በትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ ሲነበብ ከእያንዳንዱ አንቀጽ ሥር ምክንያቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ምክንያት ሊጻፍለት ያልቻለ አንቀጽ ካለ እንደ ገና ይመርመር።

ሁለተኛ፣ ደንቡ ከመጽደቁ በፊት የየክፍሉ ተወካዮች አስተያየት ይሰጡበት፤ ያልተቀበልነውም ለምን እንዳልተቀበልነው ይነገራቸው። ይህ ከአንድ ከሰዓት በኋላ በላይ አይወስድም።

ሦስተኛ፣ ማንኛውም ቅጣት ተማሪውን ከትምህርት የማያስቀር ይሁን። የልብስ ጥፋት በሒሳብ ክፍለ ጊዜ አይከፈልም።

አራተኛ፣ ሰኔ 9 በፈተና ሰሞን ስለሚውል በየዓመቱ በሰልፍ ላይ በሚነገር አንድ ዓረፍተ ነገር ያልፋል። ቀኑ ከመድረሱ በፊት፣ በግንቦት፣ አንድ የታሪክ ክፍለ ጊዜ ይመደብለት። ተማሪዎች ሶዌቶንና ሞሮጎሮን በካርታ ላይ ያመልክቱ፤ 644ን ለ42 ያካፍሉ፤ የ1974ቱን ትእዛዝ ከትምህርት ቤታቸው ደንብ ጋር አነጻጽረው ልዩነቱን ይጻፉ። ልዩነቱን ራሳቸው ካገኙት፣ ደንቡን የምንጠብቅበት ድካም በግማሽ ይቀንሳል።

ተማሪዎችም ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። የሶዌቶ ልጆች የተነሡት ትምህርት በዛብን ብለው አይደለም፤ የሚገባን ትምህርት ይሰጠን ብለው ነው። የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው የወጡትም ማን እንደ ሆኑ እንዲታወቅ ነበር። ደንብን መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ጠያቂ ግን አስቀድሞ ደንቡን ያነበበ፣ ምክንያቱን የሰማና የራሱን ምክንያት ያዘጋጀ መሆን አለበት።

ርእሳነ መምህራን ደግሞ በሚመጣው ሰኔ ሦስቱን ማስታወቂያዎች ሲናገሩ ከሰኔ 9 እንዲጀምሩ እንጠይቃለን። የ12 ዓመቱን ልጅ ስም ይጥሩ፤ የሞተበትን ምክንያት በሁለት ዓረፍተ ነገር ይናገሩ። ከዚያ በኋላ ስለ ልብሱና ስለ ስልኩ ሲናገሩ «ይኸውም ስለ ምን ነው» የሚለውን መጨመር አይከብዳቸውም።